ወተቱ ሳንባ አይገባም

ባለፈው ሰሞን አንድ የድሮ የሥራ ባልደረባዬ በቴሌግራም አንድ ጽሑፍ ላከልኝ። ከሥሩ «አንብበውና ተረጋጋ» ብሎበታል። አነበብኩት። ጭራሽ ባሰብኝ።

ላላነበባችሁት ባጭሩ ልንገራችሁ። ጽሑፉ ካንሰር ወይ በዘር የሚመጣ ወይ የዕጣ ጉዳይ ነው ይላል። የጋራዥ ጭስ፣ የቀለም ሽታና የመንገድ አቧራ ዲኤንኤያችንን (በሴሎቻችን ውስጥ የተጻፈውን የዘር መመሪያ) አይነኩትም። ሳይንቲስቶችም ካንሰር ከሦስት እጁ ሁለቱ ዕድል መሆኑን አረጋግጠዋል። አያቶቻችን ጭስ ውስጥ ኖረው ዘጠና ደፍነዋል። እርጅና የቀን መቁጠሪያ ሥራ ነው። የከተማውንም አየር ሁላችንም እኩል ነው የምንተነፍሰው። ሠራተኛው ከፈራ ወተት ይጠጣ፣ ማስክ ያድርግ። ይህን ጉዳይ የሚያነሱ ሰዎች ደግሞ የድሃውን እንጀራ የሚዘጉ ናቸው። ይኸው ነው። ጸሐፊው ስማቸውን ስላላሰፈሩ እኔም «ጸሐፊው» እያልኩ እቀጥላለሁ።

እኔ ሐኪም አይደለሁም። ፒያሳ ውስጥ፣ ቤዝመንት ላይ በነበረ አንድ ማተሚያ ቤት 11 ዓመት ኦፍሴት ማሽን ላይ ሠርቻለሁ። ማታ ማታ ሮለር ማጠብ የኔ ድርሻ ነበር። ከጀሪካን የሚቀዳ ስም የሌለው ፈሳሽ፣ አንድ ቁራጭ ጨርቅ፣ ባዶ እጅ። ቤት ስገባ እናቴ «ቲነር ቲነር ትሸታለህ» ትለኝ ነበር። ለኔ አይሸተኝም። አፍንጫዬ ለምዶታል። ሥራውን ከለቀቅኩ በኋላ ነው ስለዚህ ነገር ማንበብ የጀመርኩት። ትንሽ ዘግይቼ ማለት ነው።

በአንድ ነገር ከጸሐፊው ጋር ነኝ። ቲክቶክ ላይ «መርዝ ከሰውነት የሚያጥብ ሻይ» የሚሸጡትን ሙልጭ አድርገው ሰድበዋቸዋል። ይበል። ከዚያ በኋላ ግን መንገዳችን ይለያያል።

«ዲኤንኤ ከእናት ከአባት የሚወረስ ነው። ጭስ ሊቀይረው አይችልም» ይላሉ። ግማሹ ልክ ነው፤ ስንወለድ ይዘነው የመጣነው የወረስነው ነው። ግን ዲኤንኤ አንዴ ታትሞ መደርደሪያ ላይ የተቀመጠ መጽሐፍ አይደለም። ሴል በተከፈለ ቁጥር እንደ አዲስ ይገለበጣል። የአንጀት፣ የቆዳና የደም ሴሎቻችን ዕድሜ ልካችንን ይህን ሲሠሩ ይኖራሉ። በአንዱ ሙሉ ግልባጭ ውስጥ ያለው ፊደል ወደ 3 ቢሊዮን ይጠጋል።

ለማተሚያ ቤት ሰው ይህን ማስረዳት ቀላል ነው። አንድ ጊዜ 500 የሠርግ ጥሪ ካርድ አተምን። «ልጆቻችን ሊጋቡ ስለሆነ» መባል የነበረበት «ሊጋፉ ስለሆነ» ሆኖ ወጣ። አንዲት ፊደል ናት። የሙሽራዋ አባት ካርዱን ይዘው ደረጃውን ሲወርዱ የነበራቸው ፊት እስካሁን አይረሳኝም። ስህተቱ ፕሌቱ (ማሽኑ የሚያትምበት ሰሌዳ) ላይ እያለ ቢታይ ኖሮ ፕሌቱን ጥለን ሌላ እናወጣ ነበር። ማሽኑ ከዞረ በኋላ ግን አንዱ ስህተት 500 ሆኗል።

ሴል ውስጥም ነገሩ ይኸው ነው። ጭስ ወይም ኬሚካል ዲኤንኤውን ሲመታው ጉዳት ይባላል። ጉዳት ይጠገናል። ሴሉ ሳይጠገን ከተገለበጠ ግን ስህተቱ ይጸናል። ሚውቴሽን የሚሉት ያኔ ነው። ከዚያ ወዲያ የሚወለዱት ሴሎች ያንን ስህተት ትክክለኛው ጽሑፍ ነው ብለው ይዘውት ይቀጥላሉ።

ደግነቱ አራሚዎች አሉን። ቶማስ ሊንዳል፣ ፖል ሞድሪች እና አዚዝ ሳንጃር በ2015 እ.ኤ.አ. የኬሚስትሪ ኖቤል የተሸለሙት ሴል የራሱን ዲኤንኤ እንዴት እንደሚያርም በማሳየታቸው ነው። አራሚዎቹ ሥራ ፈት አይደሉም። ማንም ሳይነካን፣ በገዛ ሰውነታችን ውስጥ ባለው ውኃና ኦክስጅን ብቻ፣ በአንድ ሴል ውስጥ በቀን በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ጉዳት ይደርሳል። ጸሐፊው «ሰውነት ራሱን ያድሳል» ሲሉ ይህን ማለታቸው ከሆነ ልክ ናቸው። የረሱት አራሚም እንደሚደክም ነው። እኛ ጋ በሰላሙ ቀን አንድ አራሚ ሁሉን ያዳርስ ነበር። የመስከረም የደብተር ሥራ ሲመጣ ግን ያው ሰው፣ በዚያው ዓይኑ፣ ምን የመሰለ ስህተት ያሳልፍ ነበር።

ቲፒ53 የሚባል ጂንም አለ። የሱን ሥራ እንደ ፎርማን ቁጠሩት። ጉዳት ሲበዛ «ማሽን ይቁም» የሚለው እሱ ነው። እስኪጠገን ያስቆማል፤ ካልሆነም ሴሉ እንዲሞት ያደርጋል። ከግማሽ ያህሉ የሰው ካንሰር ውስጥ ይህ ፎርማን ራሱ ተበላሽቶ ይገኛል።

አሁን ወደ ጭሱ። ማንኛውም የተቃጠለ ነገር ጭስ ውስጥ፣ ሲጋራም ይሁን ናፍጣ፣ ቤንዞፓይሪን የሚባል ነገር አለ። የሚያስገርመው ሰውነት ሊያስወጣው ሲታገል ነው የሚያባብሰው። በሽንት እንዲወጣለት ሊለውጠው ሲሞክር፣ ዲኤንኤ ላይ የሚጣበቅ ነገር ይሆንና ጓኒን በሚባለው ፊደል ላይ ይለጠፋል። ሲገለበጥ በጓኒን ቦታ ሌላ ፊደል ይገባል። በ2016 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት ይህን ቆጥሮታል። በቀን አንድ ፓኮ የሚያጨስ ሰው በአንድ ዓመት ውስጥ በእያንዳንዱ የሳንባ ሴሉ ላይ በአማካይ 150 ያህል ሚውቴሽን ይጨምራል። ይህን ማንም ከእናት ከአባቱ አልወረሰውም።

አንዳንዱማ ፊርማውን ትቶ ነው የሚሄደው። ለውዝ፣ በርበሬና በቆሎ እርጥበት ሲያገኛቸው የሚያበቅሉት ሻጋታ አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ያመነጫል። መርዙ በጉበት ካንሰር ውስጥ ያንኑ ፎርማን፣ ያውም ብዙውን ጊዜ 249ኛው ቦታ ላይ ይመታዋል። ሐኪሞች ያቺን ምልክት ሲያዩ አፍላቶክሲንን ይጠረጥራሉ። አፍላቶክሲን ለወተቱም ያስፈልገናል፤ ቆይተን እንመለስበታለን።

በዘር የሚመጣ ካንሰር የለም እያልኩ አይደለም። ከእናት ወይም ከአባት በቀጥታ በተወረሰ የተበላሸ ጂን የሚመጣው ግን ከመቶ 5 እስከ 10 ቢሆን ነው። በ2000 እ.ኤ.አ. የታተመ፣ በስዊድን፣ በዴንማርክና በፊንላንድ 44,788 ጥንድ መንታዎችን የተከታተለ ጥናት ነበር። ለአብዛኛው ካንሰር ዋናውን ድርሻ የያዘው ከዘር ይልቅ አካባቢና አኗኗር ሆኖ ተገኘ። አካባቢ ሲባል ደግሞ ጭሱም፣ ምግቡም፣ ቫይረሱም፣ ሥራውም ተደምሮ ነው።

ቀጥሎ «ሳይንቲስቶች ካንሰር ከሦስት እጁ ሁለቱ ዕድል መሆኑን አረጋግጠዋል» ይላሉ። ይህ ወሬ ከየት እንደመጣ ይታወቃል። ክሪስቲያን ቶማሴቲ እና በርት ቮግልስታይን የተባሉ የጆንስ ሆፕኪንስ ተመራማሪዎች በ2015 እና በ2017 እ.ኤ.አ. ካወጧቸው ሁለት ጥናቶች ነው። ችግሩ ጸሐፊው ርዕሱን አንብበው መተዋቸው ይመስለኛል። 66 በመቶ የተባለው የሚውቴሽኑ ድርሻ ነው። ከካንሰር በሽተኞች መካከል 66 በመቶው ዕድለ ቢስ ናቸው አልተባለም። ልዩነቱ የሰማይና የምድር ነው። አንድ ሴል ካንሰር ለመሆን አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ በላይ ሚውቴሽን ይፈልጋል። ሁለቱ በዕድል ቢመጡና ሦስተኛውን ጭሱ ቢያመጣው፣ ጭሱ ባይኖር ኖሮ ያ ካንሰር አይደርስም ነበር። ያው ጥናት የሳንባ ካንሰርን ለብቻው ሲያየው 65 በመቶ የሚሆነው ሚውቴሽን ከውጭ የመጣ ነው፤ በአብዛኛው ከሲጋራ። ይህን ጸሐፊው አልጠቀሱትም።

ዕጣ ከተባለ እንግዲህ በሎተሪ እንነጋገር። ቶምቦላ አንድ ቲኬት የቆረጠም ሊደርሰው ይችላል፣ ሃምሳ የቆረጠም ላይደርሰው ይችላል። ሁለቱም ዕጣ ነው። ግን የሃምሳው ባለቤት «እኔና አንተ እኩል ነን» ቢላችሁ ትስቃላችሁ። በ1979 እ.ኤ.አ. የወጣ የታወቀ የአሜሪካ ጥናት ነበር፣ በአስቤስቶስ (እሳት የማይበላው ቃጫ መሰል ማዕድን) ሠራተኞች ላይ። አስቤስቶስም ሲጋራም ካልነካው ሰው ጋር ሲነጻጸሩ አስቤስቶስ ብቻ የነካቸው በሳንባ ካንሰር የመሞት ዕድላቸው 5 እጥፍ ያህል፣ ሲጋራ ብቻ የሚያጨሱት 10 እጥፍ ያህል ነበር። ሁለቱም ያለባቸው ደግሞ ከ50 እጥፍ በላይ። አልተደመረም፤ ተባዛ። ሶማሌ ተራ አካባቢ ሲጋራውን ከንፈሩ ላይ ሰክቶ የአሮጌ መኪና ፍሬን ሸራ በኮምፕሬሰር አየር የሚያራግፍ ልጅ ሳይ ይህ ቁጥር ትዝ ይለኛል። የድሮ ፍሬን ሸራዎች አስቤስቶስ ነበረባቸው። ልጁ ቲኬቱን የቆረጠው አውቆ አይደለም። ቆርጠውለት ነው።

የአያቶቹን ነገር ቶሎ ልለፈው። ዘጠና የደፈኑትን አያት ሁሉም ያስታውሳቸዋል፤ ቤተሰቡ መሃል ተቀምጠው ይታያሉና። በአርባ አምስታቸው «ምች መትቷቸው» ወይም «ሳል ጨርሷቸው» የሄዱትን ማን ይቆጥራቸዋል? በ1990 እ.ኤ.አ. የኢትዮጵያዊ አማካይ የመኖር ዕድሜ 50 እንኳ አይሞላም ነበር። አሁን ከ65 አልፏል። ካንሰር ደግሞ ጊዜ ይፈልጋል፤ ከጭሱ እስከ በሽታው ሃያ፣ ሠላሳ ዓመት ሊሄድ ይችላል። የማገዶ ጭሱም ቢሆን ንጹሕ አልነበረም። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ክፍል፣ ፈረንሳይ ሊዮን ከተማ ያለው፣ የቤት ውስጥ የማገዶ ጭስን «ካንሰር ሳያመጣ አይቀርም» ከሚላቸው ውስጥ መድቦታል። ቻይና ሹዋንዌይ በሚባል አካባቢ ቤታቸው ውስጥ የድንጋይ ከሰል የሚያነዱ ሴቶች ሳያጨሱ በሳንባ ካንሰር ያልቁ ነበር። ምድጃው ላይ ጭስ ማውጫ ሲገጠምለት በካንሰሩ የሚያዘው ሰው በግማሽ ገደማ ቀነሰ። ሌላ ነገር አልተደረገም፤ ጭስ ማውጫ ብቻ።

አሁን ወደ ወተቱ። የዚህ ጽሑፍ ግማሽ ምክንያት እሱ ነው።

ጸሐፊው «በብየዳ፣ በቀለምና በኬሚካል የሚሠራ ሰው በየቀኑ ግማሽ ሊትር ወተት ቢጠጣ መርዙን ያረክስለታል» ብለዋል። ይህን ሳነብ ሳቅም ንዴትም አንድ ላይ መጡብኝ። እኛም ይሰጠን ነበር! አሠሪያችን፣ አንድ ነገር ቢጎድላቸውም ክፉ ሰው አልነበሩም፣ በየቀኑ ረፋድ ላይ ወተት ያስመጡልን ነበር። እንኮራበት ነበር። ከላይ ፎቅ ያሉት የሒሳብ ሠራተኞች «ለእናንተ ብቻ?» ብለው ሲቀኑብን ደስ ይለናል። ጠጥተን ወደ ቲነሩ እንመለሳለን። በያጁም፣ ስቱኮ የሚፍቀውም፣ መኪና ቀቢውም በየሠፈሩ ይህንኑ ያምናል።

ነገሩ ግን ይኸውና። ሽታው የሚገባው በአፍንጫ ነው፤ ወደ ሳንባ፣ ከዚያ ወደ ደም። ወተቱ የሚገባው በጉሮሮ ነው፤ ወደ ጨጓራ። ሁለቱ አይገናኙም። ወተት ሳንባ ውስጥ ገባ ማለት ትን አለህ ማለት ነው። ፈሳሹ ደግሞ በቆዳም ይገባል፤ በባዶ እጅ ሮለር ስናጥብ ወተቱ እዚያም አይደርስልንም። ወተት ምግብ ነው፤ ደሞዙ ለማይበቃው ሰው ቁም ነገር ነው። ማርከሻ ግን አይደለም።

ይባስ ብሎ፣ ቅድም ያልኳችሁ አፍላቶክሲን እዚህ ይመጣል። በ2016 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ ጥናት ከአዲስ አበባና ከዙሪያዋ 110 የወተት ናሙና ሰብስቦ መርምሮ ነበር። አፍላቶክሲን ኤም1 (ላሟ ከመኖ ጋር የበላችው አፍላቶክሲን ተለውጦ ወተት ውስጥ የሚገባው) ያልተገኘበት አንድም አልነበረም፤ መጠኑ ግን ይለያያል። ዋናው ምንጭ ሆኖ የተገኘው ለላሞቹ የሚሰጠው የኑግ ፋጉሎ ነው። ወተት አትጠጡ እያልኩ አይደለም፤ እኔም እጠጣለሁ። ግን «መርዝ ማርከሻ» ብሎ የራሱ ጣጣ ያለበትን ነገር መስጠት ትንሽ አያሳፍርም?

የማስኩንም ነገር ላንሳ። በኮቪድ ጊዜ የለመድነው የወረቀት ማስክ ለሽታ ምንም አይፈይድም። የቲነር ተን ጋዝ ነው፤ ሰተት ብሎ ያልፋል። ለዚያ የከሰል ማጣሪያ ያለው ማስክ ያስፈልጋል፤ ማጣሪያውም ጊዜው ሲደርስ ይቀየራል። ለብየዳ ጭስና ለአቧራ ሌላ ዓይነት አለ፤ እሱም ፊት ላይ ግጥም ካላለ ዋጋ የለውም። ለሁሉም «ማስክ አድርግ» ማለት ለሁሉም በሽታ «ክኒን ዋጥ» እንደማለት ነው።

ማተሚያ ቤትን ያነሳሁት በናፍቆት ብቻ አይደለም። በ2012 እ.ኤ.አ. ጃፓን፣ ኦሳካ ውስጥ በአንድ ማተሚያ ቤት ሠራተኞች ላይ የሐሞት ቱቦ ካንሰር መታየቱ ታወቀ። ይህ ካንሰር ብዙውን ጊዜ የሽማግሌዎች ነው። እነዚህ ግን ወጣቶች ነበሩ፤ ከአንዲት ማተሚያ ቤት ከ10 ሰው በላይ። ምን ይሠሩ ነበር? አየር በደንብ በማይገባበት ክፍል ውስጥ ከማሽኑ ላይ ቀለም በኬሚካል ያጥቡ ነበር። ዋናው ተጠርጣሪ ዳይክሎሮፕሮፔን የሚባል ማጠቢያ ሆነ። በ2014 እ.ኤ.አ. የሊዮኑ ተቋም ካንሰር አምጪ መሆኑ የተረጋገጠ ብሎ መዘገበው። ይህን ያነበብኩ ቀን ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም። የኛ ጀሪካን ላይ ጽሑፍ አልነበረማ። ዋናው ማሽኒስታችን፣ ሙያውን ያስተማረኝ ታላቄ፣ በሃምሳዎቹ መጀመሪያ ላይ በካንሰር ሞቷል። ከዚያ ጀሪካን መጣ ብዬ መማል አልችልም። አንድን ሰው ይዞ «አንተን የገደለህ ይህ ነው» ማለት ከባድ ነው። ጸሐፊው የሚጠቀሙበት ቀዳዳም ይኸው ነው፤ የአንዱን ሰው ምክንያት ማረጋገጥ ካልተቻለ የመቶውም የለም ይሉናል።

የመቶውን ለማየት ደግሞ ኢስታንቡል መሄድ ይቻላል። በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ሙዛፈር አክሶይ የተባሉ ቱርካዊ ሐኪም ወደ ክሊኒካቸው የሚመጡት የደም ካንሰር ሕመምተኞች መካከል ጫማ ሰሪዎች መብዛታቸውን አስተዋሉ። ምክንያቱን ሲከታተሉ ማጣበቂያው ሆኖ ተገኘ። ውስጡ ቤንዝን የሚባል ኬሚካል ነበር። (በአማርኛ ነገሩ ይምታታል። መኪና የምንሞላው ቤንዚን ሌላ ነው፤ ቤንዝን ግን እሱ ውስጥም በመጠኑ አለ። ስለዚህ እጃችሁን በቤንዚን የምትታጠቡ መካኒኮች፣ ለእናንተም ነው።) ቤንዝን የደም ሴል የሚሠራበትን መቅኔ ይጎዳል። መርካቶ ውስጥ በጠባብ ክፍል አምስት ስድስት ሆነው ማስቲሽ እየቀቡ የሚውሉ ጫማ ሰሪዎችን አይቻለሁ። መስኮቱ ተዘግቷል፤ አቧራ ጫማው ላይ እንዳይለጠፍ።

«እርጅና የቀን መቁጠሪያ ነው» ለሚለው መልሴ አጭር ነው። የሁለት የሃምሳ ዓመት ሰዎች ሴል እኩል አያረጅም። በ2009 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት ሚላኖ ከተማ ውስጥ መንገድ ላይ የሚውሉ ትራፊክ ፖሊሶችን ቢሮ ከሚውሉ ሠራተኞች ጋር አነጻጸረ። የትራፊኮቹ ቴሎሜር አጥሮ ተገኘ። ቴሎሜር የክሮሞሶም፣ ማለትም የተጠቀለለው የዲኤንኤ ክር፣ ጫፍ ነው፤ የጫማ ክር እንዳይፈታ ጫፉ ላይ እንዳለችው ላስቲክ። ሴል በተከፈለ ቁጥር ታጥራለች። በዚያው ዓመት የሕክምና ኖቤል የተሰጠው በዚሁ በቴሎሜር ጉዳይ ነው። በ2013 እ.ኤ.አ. ደግሞ ስቲቭ ሆርቫት የተባለ ተመራማሪ 353 የዲኤንኤ ቦታዎችን አይቶ ዕድሜ የሚገምት «ሰዓት» ሠራ። ፊደሉ ሳይቀየር ከላዩ ላይ የሚለጠፉትን ምልክቶች ነው የሚያነበው። ሲጋራ እነዚህን ምልክቶች ያዛባል። ጭሱ ሲቀር ከተዛባው ብዙው ቀስ እያለ ይስተካከላል። ይህን ሰምታችሁ «ቴሎሜር የሚያስረዝም ክኒን» ለመግዛት እንዳትሮጡ። ከመጠን በላይ የረዘመ ቴሎሜርም ከአንዳንድ ካንሰሮች ጋር ይያያዛል።

«አየሩን ሁላችንም እኩል ነው የምንተነፍሰው» የሚለውን እንግዲህ ሜክሲኮ አደባባይ ቆሜ ብመልሰው ደስ ይለኝ ነበር። ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ። የናፍጣ ሚኒባስ ዳገቱን ሲይዝ ከኋላው የሚለቀውን ጥቁር ጭስ አስቡት። ከተማችን ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ አየሩ ስስ ነው፣ አሮጌ የናፍጣ ሞተር በደንብ አያቃጥልም። የናፍጣ ጭስ በ2012፣ የውጭ አየር ብክለት ራሱ በ2013 እ.ኤ.አ. «ካንሰር አምጪ መሆኑ የተረጋገጠ» ከሚባለው ምድብ ገብተዋል። አሁን ማን ነው እኩል? ጸሐፊው መስኮት ዘግተው ያልፋሉ። ትራፊክ ፖሊሱ እዚያው ይውላል። ሊስትሮው እንደውም ተቀምጦ ነው፣ አፍንጫው ከጭስ ማውጫው እኩል። ረዳቱ አንገቱን አውጥቶ «ሳሪስ ሳሪስ» ይላል። በቆሎ የምትጠብሰው ሴትዮ ላይ የከሰሉ ይጨመርባታል። ጸሐፊው «የኤሌክትሪክ መኪና እየገባ ስለሆነ ችግሩ አልቋል» ያሉትም ችኮላ ነው። በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ማስገባት በ2024 እ.ኤ.አ. ተከልክሏል፤ እሰየው። ግን የቆዩት ሚኒባሶችና አይሱዙዎች መንገዱ ላይ ናቸው። ገና ብዙ ዓመት ይሠራሉ።

የመጨረሻው ነጥባቸው ከሁሉም ይከብዳል። «ይህን የሚያወሩ የድሃውን እንጀራ ይዘጋሉ» ይላሉ። ይህን እንደ ቀልድ ማለፍ አይቻልም። እኔ ራሴ በዚያ እንጀራ ነው ያደግኩት፤ ሁለት እህቶቼን ያስተማርኩትም በዚያው ነው። አንድ ሰው መጥቶ «ይህ ቤት ይዘጋ» ቢለኝ ኖሮ እጣላው ነበር።

ግን ይዘጋ ያለው ማን ነው? የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪ የሥራውን አደጋ ለሠራተኛው እንዲያስረዳ፣ መከላከያም እንዲያቀርብ ያዛል። መዝጋት አላለም። ከሚያስፈልገው ውስጥ አብዛኛው ደግሞ ርካሽ ነው። ፍሬን ሸራን በኮምፕሬሰር ከማራገፍ በእርጥብ ጨርቅ መጥረግ። በያጁ ጭሱ ፊቱ ላይ እንዳይመጣ የነፋሱን አቅጣጫ አይቶ መቆም፣ ቀለም ያለበትን ብረት ሳይፍቅ አለመበየድ። ማስቲሽና ቲነር ያለበትን ዕቃ መክደን። አየር የሚስብ ፋን ግድግዳው ላይ መግጠም፤ ግን ጭሱ ከሚነሳበት ወደ ውጭ የሚያወጣ እንጂ ወደ ሠራተኛው ፊት የሚመልስ አይደለም (የኛ ፋን እንደዚያ ነበር፤ ነፋስ ይሰጠናል ብለን ወደኛ አዙረነው)። ምግብ ከማሽኑ አጠገብ አለመብላት። የሥራ ልብስ ለብሶ ቤት አለመግባት፣ ልጅ አለማቀፍ። ለዚህ ሁሉ የሚወጣው ገንዘብ ቢደመር ከዓመቱ የወተት ወጪ ይበልጣል ብዬ አላምንም።

ጽሑፉን የላከልኝ ባልደረባዬ በዚህ መሃል ደውሎ ነበር። «እሺ፣ አንተ እንዳልከው ይሁን። እኛ ግን 11 ዓመት ጠጥተነዋል። አሁን ምን ዋጋ አለው?» አለኝ። ለጸሐፊው ከጻፍኩት ሁሉ ይህ ጥያቄ ይበልጥብኛል። በ2020 እ.ኤ.አ. የወጣ አንድ ጥናት ነገርኩት። ማጨስ ያቆሙ ሰዎች ሳንባ ውስጥ፣ ጭሱ ያልነካቸው የሚመስሉ ሴሎች አሁንም ከሚያጨሱት ሰዎች እስከ አራት እጥፍ በዝተው ተገኝተዋል። የሆነ ቦታ ተደብቀው የቆዩ ጤነኛ ሴሎች፣ ጭሱ ሲቆም ቦታውን መልሰው የሚይዙ ይመስላሉ። ጥናቱ በሲጋራ ላይ ነው፣ በቲነር ላይ አይደለም። ግን ማቆም ዋጋ አለው ለማለት ይበቃኛል። ዝም አለና «ና እስቲ ሱቄን እይልኝ» አለኝ።

ሄድኩ። ፒያሳ ሲፈርስ የኛም ቤዝመንት አብሮ ፈርሷል፤ እሱ ወደ ልደታ ወርዶ አንዲት አሮጌ ማሽን ገዝቶ የራሱን ከፍቷል። ሁለት ልጆች ቀጥሯል። ማሽኑ ሥር ቲነር የነካው ጨርቅ የሞላበት ባልዲ አፉን ከፍቶ ተቀምጧል። ልክ እንደ ድሮው። የቀለም ጣሳዎቹ መሃል ፈልገን አንድ የሚገጥም ክዳን አገኘንና ከደንነው። መስኮቱ ላይ የተደረደሩትን የወረቀት ጥቅሎች አንስተን ከፈትነው።

«እንዴት ነው የምትችሉት? ሽታው እኮ ራስ ያዞራል» አልኩት።

ዞር ብሎ አየኝ። «የምን ሽታ?» አለኝ።